ገጣሚ ክፍል ሲገባ፦ ስንት ጊዜ፣ ለስንት ልጅ፣ በምን ወረቀት? (ሐዋሳ)

የመክፈቻው ጽሑፍ

ይህን የኢንተርኔት መድረክ ውይይት (ክሩን) የከፈተው ሐዋሳ ውስጥ ግጥም የሚጽፍና መድረክ ላይ የሚያነብ ሰው ነው። አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከ7ኛ ክፍል ሦስት ሴክሽኖች ጋር ግጥም እንዲሠራ ጠርቶታል። በየሴክሽኑ ወደ 60 ተማሪ አለ፣ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፣ በመጨረሻም የወላጆች ቀን ላይ የሚነበብ ነገር ይጠበቅበታል። ስንት ጊዜ ልሂድ፣ ምን ይዤ ልግባ፣ ስንትስ ልጠይቅ ብሎ ይጠይቃል። ከጥያቄው ጋር ግን አንድ አቋም አያይዟል፤ ግጥም ተሰጥዖ ነውና ከ180ው ውስጥ ደህና የሚጽፉ 10 ልጆች መርጦ ከእነሱ ጋር ብቻ መሥራት ይሻላል ባይ ነው። ክሩን ያስረዘመው ይሄ አቋም ነው። ምላሾቹን በቁጥራቸው እያነሣሁ፣ ፍሬ ያለበት ላይ ቆም እያልኩ፣ የተደጋገመውን እየዘለልኩ አስፍሬያቸዋለሁ።

ምላሾቹ

ምላሽ 1 ትሑት ነው። ጠያቂውን እንኳን ደስ ያለህ ካለ በኋላ ወደ ቀን መቁጠሪያው ገባ። ጥር ፈተና ስለሆነ አይሆንም፤ ግንቦት መጨረሻም መምህሩ ውጤት ማስሊያ ላይ ስለሚሆን አይሆንም። ኅዳርና ታኅሣሥ፣ ካልሆነም መጋቢት የተሻሉ ናቸው። ሁለተኛውን ሴሚስተር የሚመርጥ ሰው ግን አንድ ትርፍ ሳምንት ይያዝ ይላል፤ የፍቼ ጨምበላላ (የሲዳማ ዘመን መለወጫ) ቀን ከዓመት ዓመት አንድ አይደለም፣ አያንቶዎቹ (ዘመን ቆጣሪዎቹ) ሰማዩን አይተው ነው የሚቆርጡት፣ ትምህርት ቤቱም ያኔ ይዘጋል።

ምላሽ 2 አቋሙን ፊት ለፊት ገጠመው። አስር ልጅ ምረጡልኝ ሲባል መምህሩ የሚያመጣው እነማንን እንደሆነ አንድ በአንድ ዘረዘረ፦ ሰንደቅ ዓላማ ላይ የሚያነበውን፣ ሚኒ ሚዲያ ውስጥ ያለችውን፣ ድምፁ ጎላ ያለውን፣ ቤቱ አማርኛ የሚነገርበትን። ግጥም ሊሆን የሚችል ነገር ያየው ልጅ ከኋላ ዴስክ ዝም ብሎ ሊቀመጥ ይችላል፤ ምርጫው ግን እሱ ጋ አይደርስም። እዚህ ላይ ከ2ኛው ጋር ነኝ። ሐዋሳን የመሰለ በአንድ ክፍል ውስጥ ሲዳሙ አፎ፣ ወላይትኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ ከቤታቸው ይዘው የሚመጡ ልጆች ያሉበት ከተማ ላይ፣ አስር መምረጥ ማለት ቋንቋ መምረጥ ማለት ነው።

ምላሽ 3 ጠያቂውን ደገፈ፤ 60 ልጅ ባለበት ክፍል ግጥም ሳይሆን ጸጥታ ማስከበር ነው የሚሠራው ብሎ። የብዙዎች ስጋት ስለሆነ በዋዛ አልታለፈም፤ ምላሽ 4ም የመጣው እሱን ለመመለስ ነው።

ምላሽ 4 የክሩ ምርጡ ነው ብዬ አምናለሁ። የጻፈችው ሴት ክፍሉን የምትቆጥረው በልጅ ሳይሆን በዴስክ ነው። 60 ተማሪ ሦስት ሦስት ሆኖ ሲቀመጥ 20 ዴስክ ነው፤ ገጣሚው የሚይዘው 20 ቡድን እንጂ 60 ሰው አይደለም። ደቂቃዎቹንም እንዲህ ትከፍላለች። 4 ደቂቃ እስኪረጋጉ፤ 4 ደቂቃ አንድ አጭር ግጥም ሁለት ጊዜ ማንበብ፣ አንዴ ገጣሚው አንዴ ከተማሪዎቹ አንዱ፤ 8 ደቂቃ ሰሌዳ ላይ አብሮ መሥራት፤ 10 ደቂቃ መጻፍ፤ 4 ደቂቃ ዴስኩ ላይ እርስ በርስ መነባበብ፤ ከዚያ እያንዳንዱ ዴስክ አንድ መስመር መርጦ ቆሞ ያነባል። 20 ዴስክ በ20 ሰከንድ 7 ደቂቃ አይሞላም። ቀሪው 3 ደቂቃ ወረቀት መሰብሰቢያ ነው። በተግባር ደግሞ ያለፈው ክፍለ ጊዜ መምህር ዘግይቶ ስለሚወጣ 40ው 35 ይሆናል፤ ያኔ የሚቆረጠው ከንባቡና ከሰሌዳው ነው፣ ከ10ሩ የጽሑፍ ደቂቃ አንዲትም አትነካም ትላለች።

ወረቀቱንም ለክታለች። ደብተራቸው ላይ አይጻፍ፤ ደብተር ላይ ከተጻፈ ልጁ እንደ ማስታወሻ ነው የሚያየው፣ ገጣሚውም ይዞት ሊሄድ አይችልም። ኤ4 ለሁለት ተቆርጦ ለአንድ ልጅ ግማሽ ይሰጣል። ለ4 ቀን 60 ልጅ 240 ግማሽ፣ ማለትም 120 ሙሉ ወረቀት ይፈልጋል፤ ሦስቱ ሴክሽን 360 ነውና ባለ 500ው አንድ እሽግ ይበቃል፣ ይተርፋልም። ግማሽ ገጽ መሆኑ ለቁጠባ ብቻ አይደለም፤ ሙሉ ገጽ ያየ ልጅ መሙላት አለብኝ ብሎ ይፈራል። እርሳስ የሌለው አይጠፋምና 12 የተቀረጹ እርሳሶች በትርፍ ይያዙ፤ ሲመለሱም ይቆጠሩ።

ምላሽ 5 ስለ ላጲስ ነው፤ እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር የሚያየው ክፍል ውስጥ የኖረ ሰው ብቻ ነው። አንድ ዴስክ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ላጲስ ነው ያለው። አንዱ መስመሩን ያጠፋል፣ ሁለተኛው እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል፣ ሦስተኛዋ ወረቀቱ ተቀዶባት ሌላ ትጠይቃለች፣ ዴስኩም ይንቀጠቀጣል፤ 10 ደቂቃው በማጥፋት ያልቃል። ስለዚህ ሕጉ ከመጀመሪያው ቀን ይነገር፦ አይጠፋም፣ አንድ መስመር ይሰረዝበትና ከሥሩ ይጻፋል። የተሰረዘውም አብሮ ይሰበሰባል፤ ገጣሚው ሲያነብ ከተሰረዘው ውስጥ የተሻለ ቃል ብዙ ጊዜ ያገኛልና።

ምላሽ 6 የጻፏቸው ጋሼ ናቸው፤ መድረኩ ላይ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጠራቸው። የቅኔ ቤት ሥርዓት አነሡ። ጀማሪ ተማሪ መወድስ ስጡኝ አይልም፤ መወድስ 8 ቤት (ስንኝ) ያለው የቅኔ ዓይነት ነው። ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ይጀምራል፣ ቀጥሎ ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ ያልፋል፣ እንዲህ እያለ ይወጣል። ቆጥሮ (አዘጋጅቶ) ያመጣውን ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም በጓደኞቹ ፊት ያርሙታል፤ ሌሎቹም ከእርማቱ ይማራሉ። ስለዚህ ገጣሚው ከመጀመሪያው ቀን አራት አንቀጽ ግጥም አይጠይቅ፤ ሁለት ስንኝ ይበቃል ብለው ደመደሙ።

ምላሽ 7 ቶሎ ተቃወመ። ቅኔው ግዕዝ ነው፣ የቤተ ክርስቲያንም ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ግን ፕሮቴስታንትም ሙስሊምም አለ፣ ትምህርት ቤቱም የመንግሥት ነው አለ። ቃናው ትንሽ ቆጣ ያለ ነበር። ምላሽ 8 አስታረቃቸው፦ የሚወሰደው የደረጃው አወጣጥ እንጂ ይዘቱ አይደለም፤ ከሁለት ስንኝ መጀመርና በጋራ ማረም ሃይማኖት የለውም። ጋሼም ተመልሰው ይህንኑ ማለታቸው እንደነበር በአንድ መስመር ገለጹ። በፊት ለፊት እርማት ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ቅኔ ቤት ያለው ተማሪ ሊታረም መጥቶ ነው፤ የ7ኛ ክፍል ልጅ ግን አልመረጠም። ስለዚህ በክፍሉ ፊት የሚታረመው ሰሌዳ ላይ በጋራ የተሠራው እንጂ የአንድ ልጅ ወረቀት ባይሆን ይሻላል።

ምላሽ 9 ለጀማሪ ቀላል መመሪያ ይሁን ብሎ በየመስመሩ 12 ፊደል ይቁጠሩ አለ። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው፤ ምላሽ 10ም አርሞታል። የወል ቤት የሚባለው የተለመደ የግጥም ልክ 6 እና 6 ነው፣ የሚቆጠረው ግን ቀለም (በአንድ ምት የሚወጣ ድምፅ) እንጂ ፊደል አይደለም። ትምህርት ሲጻፍ 5 ፊደል ነው፤ በአፍ ግን ትም-ህርት፣ 2 ቀለም። መምህር 4 ፊደል፣ መም-ህር 2 ቀለም። ልብ 2 ፊደል፣ 1 ቀለም። ሳድሱ አንዳንዴ ይዋጣል፣ አንዳንዴ በራሱ ይቆማል፤ ዳኛው ጆሮ ነው። ስለዚህ በጣት ከማስቆጠር በጭብጨባ ማስቆጠር ይሻላል። 60 ልጅ ሲያጨበጭብ ጎረቤት ክፍል ይረበሻል ለሚል ምላሽ 11 ዘዴ አለው፦ በሁለት ጣት የዴስኩን ጠርዝ መምታት። በ4 እና በ4 ከሚሄደው ቡሄ በሉ ቢጀመር ብዙው ልጅ ምቱን ስለሚያውቀው ቶሎ ይገባዋል፤ ከዚያ ወደ 6 መሸጋገር ይቻላል።

ምላሽ 12 ወደ ቤት አመታቱ ገባ። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ቤት መምታት ቀላል ይመስላል፦ ሄደች፣ መጣች፣ አለቀሰች፤ ሁሉም ች ላይ ይወድቃል። ይሄ ግን የግሡ ቅጥያ የመታው ቤት ነው፣ ልጁ አልደከመበትም። ነው ብሎ ነው ላይ መጨረስም ያው ነው። መፍትሔው ለሁለተኛው ቀን አንድ ገደብ ማበጀት ነው፦ የሚገጥመው ፊደል ከቃሉ ሥር ይሁን። ለማሳያም አንድ ሥራ ከጥሬው እስከ መጨረሻው አሳይቷል፤ ሳላሳጥር ልተርከው።

ሰሌዳው ላይ በመጀመሪያ የሚጻፈው ልጆቹ ራሳቸው የሚሉት ነው፦ ሐዋሳ ውብ ናት፣ ሐይቋም ያምራል። ገጣሚው ይህን አይነቅፍም፤ ይጠይቃል። ጠዋት አሞራ ገደል (ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ) የሄደ ማን ነው? መሬቱ ላይ ምን ነበር? ቆሮሶና አምባዛ የሚባሉት ዓሦች፣ ቢላዋ፣ ቅርፊት። ቅርፊቱ ምን ይመስላል? አንዱ ጥፍር ይላል፣ አንዷ ብር ትላለች። ዓሣው ዓይኑ ተከፍቶ ነው ወይስ ተጨፍኖ? ዓሣ ዓይኑን አይጨፍንም፣ እርጥብም ነው። አባ ኮዳውስ (ትልቁ ወፍ) የት ነው የቆመው? በዚህ መንገድ የተለቀመው ነገር በ6 እና በ6 ሲደረደር ይህን ሰጠ፦

አሞራ ገደል ላይ፣ ቅርፊቱ ብር መስሎ፣
ዓሣው ተዘርግቶ፣ ዓይኑ ውኃ አዝሎ።

አ-ሞ-ራ-ገ-ደል-ላይ 6፤ ቅር-ፊ-ቱ-ብር-መስ-ሎ 6፤ ዓ-ሣው-ተ-ዘር-ግ-ቶ 6፤ ዓይ-ኑ-ው-ኃ-አዝ-ሎ 6። መስሎና አዝሎ የሚገጥሙት በሥራቸው ባለችው ለ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ብር ነው፤ ሰሙ የሚያብለጨልጨው ማዕድን፣ ወርቁ ዓሣው የሚሸጥበት ገንዘብ። ኅብረ ቃል (ሁለት ፍቺ የያዘ ቃል) ምን እንደሆነ ቀድሞ ማስተማር አያስፈልግም፤ ልጆቹ ራሳቸው ያመጡት ቃል ላይ ጣት ማሳረፍ ይበቃል። አባ ኮዳው ስንኙ ውስጥ አልገባም፤ የለቀሙት ሁሉ እንደማይገባ ማየታቸውም ትምህርት ነው።

ምላሽ 13 አንድ ቅሬታ አቀረበ፣ ትክክልም ነው፦ ውኃ አዝሎ ሲባል ኃ እና አ ተዋውጠው በፍጥነት ካነበቡት 5 ቀለም ይሆናል። 12ኛው አልተከራከረም፤ አንባቢው እዚያ ጋ ትንፋሽ እንዲወስድ ማስለመድ ወይም ቃሉን መቀየር ነው ብሎ ተቀበለ። እንዲህ ያለ እርማት ክሩን ከፍ አድርጎታል።

ምላሽ 14 ከዚህ ሁሉ ልኬት ጋር ሊስማማ አልቻለም። ልጅን በ6 በ6 ማሰር ለምን? ነፃ ግጥም ይጻፉ አለ። ሰሎሞን ዴሬሳ በ1963 ዓ.ም. ካሳተመው መድብል ወዲህ የቤት መምታት ጥያቄ በአማርኛ ሲያከራክር መኖሩንም አነሣ። ምላሽ 15 የሰጠው መልስ ሚዛናዊ ነው፦ በመጀመሪያው ቀን ምንም ልክ አይሰጥ፣ ነገሩ ብቻ ይጻፍ፤ በሁለተኛው ልኩ ይግባ፤ በሦስተኛው ልጁ ራሱ የትኛውን እንደሚመርጥ ይወስን።

ከዚያ ክሩ መንገድ ሳተ። ምላሽ 16 ጠያቂው ሐዋሳን በሐመሩ ሐ ለምን እንደጻፈ ጠየቀ፤ በሀሌታው ሀ ነው የሚጻፈው ብሎ። 17 አዋሳ ብሎ ያደገ ሰው እንዳለ አስታወሰ፤ 18 ሃዋሳ የሚለውን ጨመረ። ዘጠኝ ያህል ምላሽ በዚሁ ሄደ፤ ሁሉንም አላነሣም። ከመካከሉ የሚጠቅመው 21ኛው ብቻ ነው፦ ሀ፣ ሐ እና ኀ ዛሬ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ቤት ሲመቱ ይገጥማሉ፣ ልጁ በፊደሉ ምርጫ ነጥብ አይቀነስበት።

ምላሽ 25 ወደ ቁም ነገሩ መለሰን። ቤቱ ሲዳሙ አፎ የሚናገር ልጅ የመጀመሪያውን ረቂቅ በራሱ ቋንቋ ይጻፈው ይላል፤ በላቲን ፊደል ስለሆነ የሚጻፈው፣ ገጣሚው ማንበብ ባይችል እንኳ ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነበው ምቱን መስማት ይችላል። ጥንቃቄውም አብሮ መጣ፦ የአማርኛን የቤት አመታት እዚያ ላይ መጫን አይገባም። የሲዳሙ አፎ ቃል በአናባቢ ስለሚያልቅ የመጨረሻ ድምፅ ማመሳሰል ምንም ድካም የለውም፤ ጉልበቱ ሌላ ቦታ ነው። ቄጣላን (የሲዳማን ባህላዊ ዜማና ጭፈራ) የሚያውቅ ሰው፣ በተለይ የቋንቋው መምህር፣ ለአንድ ቀን አብሮ ቢገባ ከገጣሚው ይልቅ እሱ ይጠቅማል። 26ኛው ይህ ክፍሉን ይከፋፍላል ብሎ ፈራ። የሚከፋፍለውስ የአንዱ ቋንቋ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ የሌላው ሲቀር ነው።

ምላሽ 27 ስለታም ነበር። ገጣሚዎች ትምህርት ቤት የሚመጡት የራሳቸውን መድብል ለመሸጥ ነው፣ ልጁ ከምሳው ቀንሶ ይገዛል፣ አንድ ቀን አጨብጭበው ሄደው ፎቶውን ይለጥፋሉ፤ ግጥም የሚያስተምረው የአማርኛ መምህር ግን አንድም ሰው አላመሰገነውም አለ። ምላሽ 28 በእኩል ቁጣ መለሰ፤ አንዳንድ መምህር ገጣሚው ሲገባ ክፍሉን አስረክቦ ሻይ ሊጠጣ እንደሚወጣ፣ ያኔ የሚጮኸውን 60 ልጅ ስሙን እንኳ የማያውቅ እንግዳ ብቻውን እንደሚጋፈጠው። ሁለቱም እውነት አላቸው። ጋሼ በምላሽ 29 ገብተው ነገሩን አበረዱት፤ ገጣሚና መምህር ሁለት ዘር አይደሉም አሉ። ዮፍታሔ ንጉሤ ገጣሚም መምህርም ነበሩ። ከዚሁ ከሐዋሳ ብዙ በማይርቀው ይርጋለም በ1942 ዓ.ም. የተወለደው ደበበ ሰይፉም ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ ገጣሚ ነው። ምላሽ 30 ከሩቅ አንድ ነገር ጨመረ፦ ኒው ዮርክ ውስጥ ጸሐፊዎችን ክፍል የሚያስገባ ድርጅት በ1967 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት ስሙን መምህራንና ጸሐፊዎች ብሎ ነው የጀመረው፤ መምህሩ ከስሙ አልወጣም።

ከዚህ የወጣው ስምምነት ግልጽ ነው። መድብል በትምህርት ቤት ግቢ አይሸጥ፤ ከተፈለገ ሁለት ቅጂ ለቤተ መጻሕፍት ይሰጥ። መምህሩም ከክፍሉ አይወጣም፤ ይህ ከርዕሰ መምህሩ ጋር በሚፈረመው የትብብር ደብዳቤ ላይ በጽሑፍ ይግባ። መምህሩ የልጆቹን ስም ያውቃል፣ ሮል ቁጥሩን ያውቃል፣ ገጣሚው በማይመጣበት ቀንም ሥራውን የሚያስቀጥለው እሱ ነው። ሥራው በክወናና ዕይታ ጥበባት ክፍለ ጊዜም ሊገባ ስለሚችል የዚያን ትምህርት መምህር ማነጋገር አይከፋም።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ ምላሽ 31 ሂሳቡን አስቀመጠ። አብዛኛው ገጣሚ ክፍል ውስጥ የቆመበትን 40 ደቂቃ ብቻ ቆጥሮ ይስማማል። 60 ወረቀት፣ እያንዳንዱ 2 ደቂቃ፣ 120 ደቂቃ ንባብ ነው። ዝግጅት 60 ደቂቃ። ስለዚህ አንድ ቀን 220 ደቂቃ፣ አራት ቀን 880፣ ወደ 15 ሰዓት ይጠጋል፤ ያውም ለአንድ ሴክሽን። ሦስቱን ከያዘ 44 ሰዓት ነው፤ የባጃጁ አልተደመረም። 32ኛው ንባቡን ለማሳጠር ሁሉንም ማረም ትቶ ከየወረቀቱ አንዲት ጥሩ ሐረግ ብቻ ማስመር፣ በወረቀት 1 ደቂቃ፣ ይበቃል አለ። ለልጁም የሚሻለው ይኼ ነው፤ የተሰመረባትን ያያል፣ በሚቀጥለው ቀን ከእሷ ይጀምራል።

33ኛው የግብር ጉዳይ አነሣ፦ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ከ3,000 ብር በላይ ለሆነ አገልግሎት 2 በመቶ ተቀንሶ ይያዝ ነበር፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር (ቲን) ለሌለው ግን 30 በመቶ። 34ኛው አዋጁ በ2017 ዓ.ም. መሻሻሉን አስታወሰና ሰው የድሮውን ቁጥር ይዞ እንዳይከራከር፣ ከመፈረሙ በፊት ገቢዎች ሄዶ እንዲጠይቅ መከረ። ቁም ነገሩ ቲን ሳያወጡ አለመጀመር ነው።

ምላሽ 35 ከሁሉ የሚከብደውን አነሣች። ስለ ቤት ጻፉ ሲባል ስለ ዱላ፣ ስለ ረኃብ፣ ስለ ጠጪ አባት የሚጽፍ ልጅ ይኖራል። ያ ወረቀት ዴስክ ላይ አይዞርም፣ ለወላጆች ቀንም አይመረጥም፤ በዚያው ቀን ለሆም ሩም መምህሩ ወይም ለሥርዓተ ጾታ ክበብ ተጠሪዋ ይነገራል። ገጣሚው ብቻውን ልጁን ጠርቶ አያነጋግር፤ ሌላ አዋቂ ይኑር። ለልጆቹም ከመጀመሪያው ይነገራቸው፦ ወረቀቱን ከላይ አጥፎ የሰጠ ልጅ አይነበብብኝ ማለቱ ነው። ይህቺ የወረቀት እጥፋት ጥሩ ዘዴ ናት፤ ልጁ በአፉ ምንም ሳይናገር ፍላጎቱን ይገልጻል።

ከዚህ በኋላ ስለ ርዕስ የተባለው በ36 እና በ37 ተጠቃሏል። እናት፣ ሀገር፣ ሰላም፣ ዓባይ ተብሎ ከተሰጠ ልጁ ሚኒ ሚዲያ ላይ የሰማውን መልሶ ይጽፋል፤ 60 ወረቀት አንድ ወረቀት ይሆናል። በእጅ የሚያዝ ነገር ይሰጠው፦ የቤት ቁልፍ፣ የጀልባ ገመድ፣ የግቢው ቧንቧ፣ የባጃጅ መጋረጃ። ትምህርት ቤቱ የበዓል ርዕስ የግድ ካለ እንኳ ሀገር የሚለውን ቃል ሳይጠቅሱ መጻፍ የሚል ገደብ ይጨመርበት።

ስለ ማይክ ምላሽ 38 አጭርና ጠቃሚ ነው። የሚያፏጨው ማይኩ ከድምፅ ማጉያው ፊት ስለሚቆም ነው፤ አንባቢው ከማጉያው ኋላ ይቁም፣ ማይኩም ከአፍ አራት ጣት ይራቅ። በእረፍት ሰዓት ከሦስት ግጥም በላይ አይነበብ። ልጆቹ መድረክ ሲያዩ ድምፃቸውን አርገብግበው፣ እጃቸውን አወናጭፈው መጮህ ይጀምራሉ፤ መድኃኒቱ ልምምዱን ያለ ማይክ፣ ተቀምጠው፣ ለዴስክ ጓደኛ እንደሚነግሩ ሆነው ማድረግ ነው። 39ኛው መወናጨፉ ባህላችን ነው ብሎ ተከራከረ፤ ማንም አልተከተለውም።

መድብል ለማዘጋጀት 40ኛው ያለው፦ 8 ኤ4 ወረቀት መሃል ላይ ሲታጠፍ 32 ገጽ ይሰጣል፤ ገጹ በ4 የማይካፈል ከሆነ ባዶ ገጽ ይተርፋል። 41ኛው ስለ ፊደል አስጠነቀቀ፤ በስልክ የተተየበው ዩኒኮድ ነው፣ ማተሚያ ቤቱ በፓወር ግዕዝ የሚሠራ ከሆነ ሲከፈት ዝብርቅርቅ ይላል። ፒዲኤፍ አድርጎ መስጠትና ከመታተሙ በፊት አንድ ናሙና ማየት ነው። 42ኛው በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የግጥሙ መብት የልጁ መሆኑን አስገነዘበ፤ ስለዚህ የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ፣ በሲዳሙ አፎና በአማርኛ ተዘጋጅቶ ይያዝ። የ60 ቤተሰብ ፊርማ በሁለት ቀን አይሰበሰብም፤ ቅጹ በሁለተኛው ቀን ይሂድ።

ምላሽ 43 የጠያቂው ነው። አስር የመምረጡን ሐሳብ ትቶታል። ሦስት ሴክሽን እንደማይችልም አምኗል፤ በዚህ ሴሚስተር አንድ ሴክሽን፣ 60ውንም፣ አምስት ቀን፦ አራቱ ለሥራ፣ አምስተኛው በንጹሕ ለመገልበጥ። ወረቀቱን 150 አድርሶታል። ሳምንቱን ከኅዳር መጀመሪያ ይዟል፣ ደብዳቤው ላይም መምህሩ ክፍሉ ውስጥ ይሁን የሚለውን ሊያስገባ ነው።

ምላሽ 44 ወረቀቶቹ መጨረሻ ላይ የት ይቀመጣሉ ብሎ ጠየቀ፤ ገጣሚው ቤት ከተቀመጡ ልጁ ዳግም አያያቸውም። 45 ክላሰር ውስጥ በሮል ቁጥር ተደርድረው ቤተ መጻሕፍቱ ይግቡ፣ የታጠፉት ግን ለባለቤቶቻቸው ይመለሱ አለ። ጠያቂው ተስማምቶ፣ የመጀመሪያውን ቀን ነገር የቤት ቁልፍ እንዳደረገው ጻፈ፤ ቁልፍ የሌለው ልጅ ስለ በሩ ይጽፋል።